አሮጌ ኮምፒውተር ማን ይጠግናል?

የአንባቢያን ጥያቄ እና የቴክኒክ አማካሪያችን መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ከሦስት አገሮች የተጻፉ ቢሆኑም የሚጠይቁት በመሠረቱ አንድ ነገር ስለሆነ በዚህ እትም አብረን አቅርበናቸዋል። ጥያቄው ሠላሳ ዓመት ያለፈው ኮምፒውተር ሲበላሽ ወደ ማን ይወሰዳል የሚል ነው። በመጨረሻ የገባው አጭር ጥያቄ ስለ ጥገና ሳይሆን ስለ መልክ የቀረበ ነው፤ ከጉዳዩ ስለማይርቅ እርሱንም አካተነዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ እ.ኤ.አ. በ1990 ዋሽንግተን ውስጥ የገዙት ማኪንቶሽ ኤስኢ/30 የተባለ ኮምፒውተር ቤታችን ውስጥ አለ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባቴ ለብዙ ዓመታት ማታ ማታ እየተቀመጡ የትውልድ ሐረጋችንንና የተወለዱበትን አገር ታሪክ በአማርኛ ይጽፉበት እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች። ከእርሳቸው ዕረፍት በኋላ ከምድር ቤት አውጥተን ስናበራው መስተዋቱ ላይ አግድም የተሰመረ ዝንጉርጉር መስመር ብቻ ይታያል። አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ወስጄው «መለዋወጫ የለውም» ተብዬ ተመለስኩ። ወንድሜ ደግሞ አዲስ አበባ እንላከውና መርካቶ ይሠራ ይላል። የሚጠግንልኝ ሰው እንዴት ላገኝ እችላለሁ? ጽሑፉስ ይገኛል? (ስሜ ይቆየኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንዎ። ኮምፒውተሩ አሁንም ሶኬት ላይ ተሰክቶ እንደሆነ ይንቀሉት፤ ከዚያ በኋላም «እስኪ አንድ ጊዜ ደግሜ ልሞክረው» ብለው አያብሩት። በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ብዙው ጉዳት የሚደርሰው ባለቤቱ ተስፋ ሳይቆርጥ ደጋግሞ ሲያበራው ነው። ምክንያቱን ማወቅ ጠጋኝ ለመምረጥም ስለሚረዳዎ ጥቂት ላብራራው።

ኤስኢ/30 እ.ኤ.አ. በ1989 መጀመሪያ ገበያ ላይ የዋለና በ1991 ምርቱ የቆመ ሞዴል ነው። በዋናው ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክን ለቅጽበት አጠራቅመው የሚለቁ፣ ጠጋኞች ካፓሲተር ወይም ኮንደንሰር የሚሏቸው ጥቃቅን የአሉሚኒየም ዕቃዎች ተበይደዋል። በዚያን ዘመን ፋብሪካዎች እግሩ ቦርዱን በስቶ የሚያልፈውን ዓይነት ትተው ከቦርዱ ገጽ ላይ ብቻ የሚበየደውን ዓይነት መጠቀም ጀምረው ነበር። የእነዚህ ካፓሲተሮች የታችኛው ላስቲክ በዕድሜ ብዛት ሲደክም በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ እየሰረገ ይወጣል፤ በቦርዱ ላይ ተሰራጭቶ ቀጫጭኖቹን የመዳብ መስመሮች ይበላል፣ ራሱም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መገናኘት የማይገባቸውን መስመሮች ያገናኛል። እርስዎ የሚያዩት ዝንጉርጉር መስመር በዚህ ሞዴል እጅግ የታወቀ ምልክት ሲሆን፣ መነሻው በአብዛኛው ይኸው ፈሳሽ ነው። ይህ እንግዲህ ከመጥፎ ዜና ይልቅ ደህና ዜና ነው፤ ቦርዱ ታጥቦ፣ ካፓሲተሮቹ ተለውጠውና የተበሉት መስመሮች ተቀጥለው ወደ ሥራ የተመለሱ ኤስኢ/30ዎች ብዙ ናቸው።

ከካፓሲተሮቹ ይልቅ የሚያሰጋኝ ባትሪው ነው። ኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀኑን የሚያስታውሰው ከተለመደው የብዕር ባትሪ ድንጋይ ግማሽ ያህል ቁመት ባለው ባለ 3.6 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ የጥቂት ዓመታት ዕድሜ ተሰጥቶት የተሠራ ስለሆነ ሠላሳ ዓመት ሲቀመጥ ሊፈነዳ ይችላል፤ ሲፈነዳም የሚወጣው ነገር ቦርዱን ብቻ ሳይሆን ውስጡ ያለውን የብረት አካል ጭምር አዝጎ ይጨርሳል። አባትዎ በኋለኞቹ ዓመታት ባትሪውን ለውጠው ካልሆነ በቀር፣ ጠጋኝ እስኪገኝ ድረስ እንኳ ውስጡ ሊቆይ አይገባም። ይሁን እንጂ ራስዎ ከፍተው እንዲያወጡት አልመክርዎትም። ይህ ኮምፒውተር ከመስተዋቱ ጋር አንድ አካል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ሽፋኑ ሲነሣ እጅ የሚገባው ቲዩብ የሚባለው፣ ምስሉን የሚያሳየው የብርጭቆ ዕቃ አንገት አጠገብ ነው። ቲዩቡ በሥራ ላይ ሳለ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ይደርሰዋል፤ ከተነቀለ በኋላም የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ቻርጁን፣ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ቻርጁን አስቀድሞ ወደ ምድር ማፍሰስ ያስፈልጋል። አሮጌ ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ማንኛውም ሰው ይህን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። በነገራችን ላይ ሁለቱ የላይኛው ብሎኖች ከመያዣው ሥር በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆኑ ቶርክስ 15 የሚባል፣ አንገቱ ረጅም የሆነ መፍቻ ይጠይቃሉ፤ የሚወስዱት ሰው ይህ መፍቻ ከሌለው ሽፋኑን በጠፍጣፋ ነገር ፈልቅቆ እንዳይሰነጥቅብዎ ይጠንቀቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። ጥገና ቤቱ የመለሰዎ በክፋት ወይም በስንፍና ነው ብዬ አላስብም። የማኪንቶሽ ሠሪው አፕል ራሱ አንድን ምርት መሸጥ ካቆመ 5 ዓመት ሲያልፈው አሮጌ፣ 7 ዓመት ሲያልፈው ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ብሎ ይመድበዋል፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ ዕቃ ጥገናም መለዋወጫም በይፋ አይሰጥም። የዛሬ የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ደግሞ ሥራቸው በአብዛኛው የተበላሸውን ክፍል አውጥቶ አዲስ መግጠም ነው፤ አዲስ የሚገጠም ክፍል ከሌለ ሥራው እዚያው ያበቃል። ስለዚህ እርስዎ መፈለግ ያለብዎት «የኮምፒውተር ጠጋኝ» የሚል ጽሑፍ የለጠፈውን ሳይሆን፣ ቦርድ ላይ ያለችውን አንዲት ቅንጣት ፈልጎ፣ በቴስተር ለክቶ፣ በካውያ አውጥቶ የሚተካውን ሰው ነው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር አይጠግንም፤ የሙዚቃ አምፕሊፋየር፣ የድሮ ሬዲዮ፣ የሕክምና መሣሪያ ወይም ቴሌቪዥን ነው የሚጠግነው። የኮምፒውተሩን ስም ሰምቶ የማያውቅ ቢሆን እንኳ አይደንግጡ፤ ካፓሲተር ካፓሲተር ነው።

እርስዎ ያሉበት አካባቢ ግን ከዚህም የተሻለ ዕድል አለው። ከባልቲሞር በስተ ሰሜን ሃንት ቫሊ በተባለው ቦታ ሲስተም ሶርስ የተባለ የኮምፒውተር ሙዚየም አለ። ሙዚየም ጥገና ቤት አይደለም፤ ሆኖም አሮጌ ዕቃዎችን በሕይወት የሚያቆዩ ሰዎች በአካባቢው ማን ምን እንደሚችል ያውቃሉና፣ ደውሎ ወይም ሄዶ መጠየቅ አያሳፍርም። ወደ ኒው ጀርሲ መጓዝ ከቻሉ ደግሞ ዎል በተባለው ከተማ ኢንፎኤጅ በሚባለው የሳይንስና የታሪክ ማዕከል ውስጥ የቪንቴጅ ኮምፒውተር ፌዴሬሽን ይገኛል። ይህ ማኅበር በየዓመቱ በአሜሪካ የጸደይ ወራት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ፣ የአሮጌ ኮምፒውተር ወዳጆችን የሚያሰባስብ ትልቅ ዝግጅት ያደርጋል። እንዲህ ባለ ዝግጅት ላይ ጠጋኞችን በአካል አግኝቶ፣ የጠገኗቸውን ዕቃዎች በዓይን አይቶ መነጋገር በስልክ ከመከራከር እጅግ ይሻላል። የአማተር ሬዲዮ ክበቦችም አይናቁ፤ አባሎቻቸው ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ናቸው፣ ጊዜም ትዕግሥትም አላቸው።

ሰው ካገኙ በኋላ ከዋጋው በፊት እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቁት። ካፓሲተሮቹን ከማውጣቱ በፊትና በኋላ ቦርዱን ያጥባል ወይ? የተበሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ይፈትሻል ወይ? ከዚህ በፊት ከሠራቸው ቦርዶች የበፊቱንና የኋላውን ፎቶግራፍ ሊያሳይዎ ይችላል ወይ? አሮጌዎቹን ክፍሎችስ ይመልስልዎታል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ሲሰማ ፊቱ የሚበራ ጠጋኝ አለ፣ የሚኮሳተርም አለ፤ ከሚኮሳተረው ይራቁ። ዋናዎቹ ካፓሲተሮች 47 ማይክሮፋራድ ተብሎ የተጻፈባቸው ተራ ዕቃዎች ስለሆኑ ዋጋቸው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ የሚከፍሉት ለእጁና ለጊዜው ነው። ባትሪውን ብቻ ቀይሬ እመልስልሃለሁ የሚልዎት ካለ ችግሩን አልተረዳውም። ቦርዱን በምድጃ ውስጥ አሙቄ አስነሣዋለሁ የሚልዎት ካለ ደግሞ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ።

ወንድምዎ ያቀረቡት ሐሳብ በሙያ በኩል ነቀፋ የለበትም፤ መርካቶ ውስጥ ይህን ሥራ በሚገባ የሚሠሩ እጆች እንዳሉ ከዚህ በታች ላለው ጥያቄ በሰጠሁት መልስ እመለስበታለሁ። እኔ የምፈራው ጉዞውን ነው። የዚህ ዘመን ፕላስቲክ በዕድሜ ስለሚደርቅ ትንሽ ሲመታ ይሰበራል፣ የቲዩቡም አንገት ቀጭን ነው። የኤስኢ/30 ዋና ቦርድ ግን ሽፋኑ አንዴ ከተነሣ በኋላ ተንሸራትቶ ብቻውን የሚወጣ ነው። ስለዚህ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ቦርድ በፖስታ ተቀብለው፣ አጥበውና ካፓሲተሩን ለውጠው የሚመልሱ ግለሰቦች አሉ፤ ኮምፒውተሩን በሙሉ ከመላክ ይልቅ ቦርዱን ብቻ ስታቲክ ኤሌክትሪክ በሚከላከል ከረጢት አሽጎ መላክ ርካሽም አስተማማኝም ነው።

ስለ አባትዎ ጽሑፍ የጠየቁት ከሁሉ ይበልጣልና ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ለጠጋኙ ገና ሲያገኙት «እኔ የምፈልገው አስቀድሞ በሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያለውን ነው፤ ኮምፒውተሩ ቀጥሎ ነው» ብለው ይንገሩት። ይህ የሥራውን ቅደም ተከተል ይለውጠዋል። ሃርድ ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው ስካዚ በሚባለው የዚያ ዘመን መገናኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ገና ሳይጠገን ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ጤነኛ ማኪንቶሽ ላይ ወይም ስካዚ ባለው መሣሪያ ማንበብ ይቻላል። በዚያን ጊዜ ማኪንቶሾች ላይ ከተገጠሙት መካከል ኳንተም የተባለው ድርጅት የሠራቸው ባለ 40 እና ባለ 80 ሜጋባይት ዲስኮች የታወቀ ሕመም አላቸው፤ የማንበቢያው ክንድ የሚያርፍበት ትንሽ ላስቲክ በዕድሜ ብዛት ቀልጦ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ክንዱን አጣብቆ ያስቀረዋል። የሚያውቅ ሰው ይህን ያላቅቀዋል፤ የማያውቅ ሰው ግን ዲስኩን በጠረጴዛ ላይ ሲጠፈጥፈው መረጃውን ለዘለዓለም ሊያጠፋው ይችላል። የተለየ የመረጃ ማዳን ድርጅት መቅጠር ውድ ቢሆንም፣ ዲስኩ ጨርሶ የማይሽከረከር ከሆነ ገንዘብዎን ከኮምፒውተሩ ይልቅ እዚያ ላይ ቢያወጡት እመርጣለሁ።

ዲስኩ ከተነበበ በኋላ ጽሑፎቹን ብቻ ገልብጠው እንዳይረኩ አደራ። አማርኛ ዩኒኮድ በሚባለው፣ የዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች እያንዳንዱ ሆሄ በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ተተክቶ የተሣለ ነበር። ፊደላችን ከ200 በላይ ሆሄያት ስላሉት በአንድ ፎንት፣ ማለትም በአንድ የፊደል ቅርጽ ስብስብ፣ አልበቃ ብሎ ሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት የሚጠቀሙም ነበሩ። ስለዚህ የአባትዎ ጽሑፍ በዛሬ ኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ነው፤ ያ ማለት ጽሑፉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ፎንቱ ጠፍቷል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው ሲስተም 6 በተባለው የማኪንቶሽ መነሻ ሥርዓት ፎንቶች የሚቀመጡት ሲስተም በሚባለው ፋይል ውስጥ ተቀብረው እንጂ በተለየ ማኅደር አልነበረም። እንግዲህ ሰነዶቹን ብቻ የገለበጠ ሰው ቁልፉን እዚያው ትቶት ይወጣል። ጠጋኙ የዲስኩን ሙሉ ምስል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን ሁሉ በአንድ ፋይል አድርጎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ያ ፋይል በእጅዎ ከገባ ባሲሊስክ 2 ወይም ሚኒ ቪማክ በሚባሉት፣ የድሮውን ማኪንቶሽ በአዲስ ኮምፒውተር ውስጥ አስመስለው በሚያስነሡ ነፃ ፕሮግራሞች አማካይነት ጽሑፉን አባትዎ ያዩት በነበረው መልክ ማየት ይቻላል። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ማዛወሩ ሌላ ሥራ ነው፤ ለአንዳንዶቹ የድሮ ፎንቶች መለወጫ ፕሮግራም ተሠርቶላቸዋል፣ ካልሆነም እያዩ መተየብ ነው።

ፍሎፒ ዲስኮችም ካሉ አይጣሉ። ዛሬ በዩኤስቢ የሚሰካው ርካሽ የፍሎፒ ማንበቢያ ባለ 1.44 ሜጋባይቱን እንጂ የማኪንቶሹን ባለ 400 ወይም ባለ 800 ኪሎባይት ዲስክ ማንበብ አይችልም፤ ዲስኩ ባዶ ነው ቢልዎት አይመኑት። ጠጋኝዎ ግሪስዊዝል ወይም ክሪዮፍላክስ የተባሉትን የድሮ ፍሎፒ ማንበቢያ መሣሪያዎች የሚያውቅ ከሆነ እርሱ ዘንድ ሥራው ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን እድር የአባላት መዝገብና የመዋጮ ሒሳብ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ በእርዳታ በተገኘ 386 ኮምፒውተር ላይ፣ ዲቤዝ በሚባለው የመዝገብ መያዣ ፕሮግራም ሲያዝ ኖሯል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በወረቀት መዝገብ ብንሠራም የቀደመው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። አሁን ሲበራ ሃርድ ዲስክ አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። የወሰድንባቸው ኮምፒውተር ቤቶች ሳይከፍቱ አዲስ ግዙ ብለው መለሱን። አንዳንድ አባላት ከ30 ዓመት በፊት የከፈሉትን መቁጠር ስለሚፈልጉ ነገሩ ወደ ቅሬታ እየሄደ ነው። (የእድሩ ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ክቡር ጸሐፊ፣ ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ ሊሆን እንደሚችል በመግለጽ ልጀምር። በ386 ኮምፒውተር ዘመን ማሽኑ የተገጠመለትን ሃርድ ዲስክ በራሱ አያውቀውም ነበር፤ የዲስኩን አከፋፈል የሚገልጹትን የሲሊንደሩን፣ የሄዱንና የሴክተሩን ቁጥር ባለቤቱ ያስገባለትና በትንሽ ባትሪ እየታገዘ ያስታውሰው ነበር። ባትሪው ሲያልቅ ያንን ይረሳል፣ ሲበራም ዲስክ የለም ይላል። ቁጥሮቹ ብዙ ጊዜ በዲስኩ ጀርባ ላይ ባለው ወረቀት ተጽፈው ይገኛሉ፤ ሲነሣ ወደ ማስተካከያው ገጽ ገብቶ እነርሱን መልሶ መጻፍ ብቻውን በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንግዲህ እድሩ አዲስ ከመግዛቱ በፊት አንድ ሰው ሽፋኑን ከፍቶ ይመልከትለት።

ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ባትሪው ነው። በእነዚህ ቦርዶች ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ትንሽ በርሜል ክብ የሆነ፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ ባለ 3.6 ቮልት የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው። በዙሪያው ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ካለ ፈስሷል ማለት ነው። ባትሪው ተቆርጦ ይውጣ፤ የፈሰሰው ነገር አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ ነጭ ኮምጣጤ በተነከረ ጥጥ ቀስ ተብሎ ይጠረግ፣ ቀጥሎ በንጹሕ አልኮል ይታጠብ፣ በደንብም ይድረቅ። አዲስ ባትሪ ሲተካ ደግሞ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ጠጋኞች በእጃቸው የምትገኘውን ክብ የሊቲየም ባትሪ በቀጥታ ያያይዟታል። ቦርዱ ግን ባትሪውን እየሞላ እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የማትሞላውን የሊቲየም ባትሪ ሊሞላ ሲሞክር ትሞቃለች፣ ልትፈነዳም ትችላለች። በመካከሉ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ መግባት አለበት፤ ወይም ለገመድ አልባ የቤት ስልክ የሚሸጠው ባለ 3.6 ቮልት የሚሞላ ባትሪ በሽቦ ተቀጥሎ ከቦርዱ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ዳግመኛ ቢፈስ እንኳ ቦርዱን አይነካውም።

ይህን የሚሠራ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ለማግኘት የኮምፒውተር ሕንፃዎቹን ትታችሁ ቴሌቪዥን፣ አምፕሊፋየርና ስታቢላይዘር ወደሚጠገንባቸው ትንንሽ ቤቶች ሂዱ። የከተማችን ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ዛሬም ያለው እዚያ ነው ብል አላጋንንም፤ መለዋወጫ በማይገባበት ዘመን ከአንድ የሞተ ሬዲዮ ውስጥ አውጥቶ ሌላውን ማስነሣት የለመደ ትውልድ ነው። ከእነርሱ ሌላ የሆስፒታል መሣሪያ የሚጠግኑ የባዮሜዲካል ቴክኒሻኖችና በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የኤሌክትሮኒክስ መምህራን አሉ፤ ከእድራችሁ አባላት መካከል እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ሰው አይጠፋምና በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ጠይቁ። አሮጌ መስተዋት፣ ክብ መሰኪያ ያለው ኪቦርድ ወይም የዲስክ ገመድ ከፈለጋችሁ ምናለሽ ተራ ብቅ ማለት ዋጋ አለው።

ኮምፒውተሩ እንቢ ቢል እንኳ ዲስኩ ብቻውን ሊነበብ ይችላል። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው አይዲኢ በሚባለው መሰኪያ ከሆነ፣ በየሱቁ የሚሸጠው ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያ እንዲህ ያሉትን ጥንታዊ ዲስኮች ብዙ ጊዜ አይለያቸውም፤ ስለዚህ ጠጋኙ «በመቀየሪያ ሞክሬው አልሠራም፣ ሞቷል» ቢላችሁ አትቀበሉት። እንደ ፔንቲየም 3 ያለ፣ የአይዲኢ መሰኪያ ያለው መካከለኛ ዕድሜ ኮምፒውተር ፈልጎ ቁጥሮቹን በእጅ በማስገባት ይሞከር። ከተነበበ የዲቤዝ ፋይሎቹ መጨረሻቸው ዲቢኤፍ የሚል ነው፤ ሊብሬኦፊስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዛሬም ይከፍታቸዋል፣ ወደ ኤክሴልም ይቀይራቸዋል።

መዝገቡ የአባላትን ገንዘብና የቤተሰብ ጉዳይ የያዘ ስለሆነ ዲስኩን ጠጋኙ ዘንድ አሳድራችሁ አትሂዱ። ሁለት የኮሚቴ አባላት አብረው ተቀምጠው ሥራው ሲሠራ ይመልከቱ፤ የተገለበጠው በሁለት ፍላሽ ላይ ሆኖ አንዱ ለሰብሳቢው፣ አንዱ ለገንዘብ ያዡ ይሰጥ። ያ ከሆነ በኋላ ለኮምፒውተሩ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡበት። እዚህ ላይ ከአሜሪካው ጠያቂያችን የተለየ ምክር የምሰጠው፣ እድራችሁ የሚያስፈልገው መዝገቡ እንጂ ማሽኑ ስላልሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ውስጥ ካለ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ኮሞዶር 64 ገዛሁ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ቤት አይቼው ስመኘው የኖርኩት ነው። ሻጩ ይሠራል አለኝ እንጂ አልሞከርኩትም። ከማብራቴ በፊት ሰው ዘንድ ልውሰደው? (ከጀርመን)

መልስ፦ አለማብራትዎ በጣም ደግ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ይህ የቤት ኮምፒውተር ራሱ ጠንካራ ነው፤ ገዳዩ አብሮት የሚመጣው ከባድ ጥቁር የኃይል ሳጥን ነው። ሳጥኑ ውስጡ በሙጫ ተሞልቶ ስለታሸገ ሙቀቱ አይወጣለትም፤ ከጊዜ ብዛት የ5 ቮልቱ መቆጣጠሪያ ሲበላሽ ከ5 ቮልት በላይ ይልካል፣ የማስታወሻ ቺፖቹም ወዲያው ይቃጠላሉ። ሳጥኑን ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሰኩ በቴስተር ይለካ፤ ከ5.25 ቮልት ካለፈ ወደ ቆሻሻ ይሂድ። ልኩ ትክክል ቢሆን እንኳ ሲሞቅ ሊለወጥ ስለሚችል እኔ ብሆን አዲስ የተሠራ የኃይል ሳጥን ገዝቼ አሮጌውን ለመታሰቢያ አስቀምጠዋለሁ።

ለጥገና ጀርመን ውስጥ መኖርዎ ዕድለኛ ያደርግዎታል። ኮሞዶር ብራውንሽዋይግ ውስጥ ፋብሪካ ስለነበረው ዕቃው በአገሩ ሞልቶ ይገኛል፣ የሚያውቀውም ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አምስተርዳም ላይ የተጀመረው፣ ሰዎች የተበላሸ ዕቃቸውን ይዘው ከበጎ ፈቃደኛ ጠጋኞች ጋር አብረው የሚቀመጡበት የጥገና ካፌ ዛሬ በብዙ የጀርመን ከተሞች ተስፋፍቷል፤ በሰፈርዎ የሚካሄድበትን ቀን ጠይቀው ይሂዱ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ድምፅ የሚያወጣው ሲድ የተባለው ቺፕ ከተመረተ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ሰብሳቢዎች ስለሚሻሙበት ዋጋው ውድ ነው። ስለዚህ ጠጋኙ ገና ሳይለካ «ቺፑ ሞቷል፣ ልቀይረው» ካለዎ፣ የወጣውን ቺፕ ይዘው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ የድሮ ኮምፒውተሬ ቢጫ ሆኗል። የሚያነጣ ባለሙያ አለ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ፕላስቲኩ ቢጫ የሚሆነው በዕድሜና በብርሃን ምክንያት ስለሆነ በሳሙና አይለቅም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብተው ፀሐይ ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ ያነጣዋል፣ ነገር ግን ቢጫነቱ ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ እኩል ካልተቀባም ነጠብጣብ ይተዋል። እኔ ባይነካ እመርጣለሁ። ያለዚያ አይሆንልኝም ካሉ ሽፋኑን ከውስጥ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ለይተው፣ ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገው፣ ልጆች በሌሉበት ይሥሩት፤ መጀመሪያም በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከሥሩ በኩል፣ ይሞክሩት።